የመቀበሪያ ድርሻ

«ባልሽ ደባሱ የት ነው ያለው?» አላት ውዱ፣ የቃሬዛውን እንጨት ከትከሻው ሳያወርድ። «እሱን ብቻ ንገሪኝ። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀትሽን እዚሁ ቆሜ እጽፍልሻለሁ።»

ስሜነሽ ምጡ ሲመጣባት ጥርሷን ነክሳ የቃሬዛውን ጠፍር ጨመቀች፤ ለቀቅ ሲያደርጋት ዓይኗን ገልጣ ከግንባሩ የሚንጠባጠበውን ላብ አየች። ከብልባላ እስከ ላሊበላ፣ ያንን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ተሸክሟት የመጣው እሱም ጭምር ነው። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ይሁን እንጂ የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ የቅሬው አባል ነው፤ ቅሬ ቃሬዛ ሲያነሳ የቀረ ሰው፣ የራሱ ሬሳ ሲወጣ ተሸካሚ አያገኝም። እናም በትከሻው ይሸከማታል፣ በአፉ ይጠመዝዛታል። ምጥ ባይዛት ኖሮ ትስቅበት ነበር።

የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሰው በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነግሯቸዋል። ከሊቀመንበሩ የነፃ ወረቀት ያመጣች በነፃ ትወልዳለች። ያላመጣች ሠላሳ ብር ከፍላ ትገባለች። ሠላሳ ብር ደግሞ ስሜነሽ ባንድ ላይ አይታ አታውቅም። አዋላጇ ባንችይርጋ ሌሊቱን ሙሉ ስትታገል አድራ፣ «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው፣ ከእጄ ወጥቷል» ብላ ነው ቅሬውን ያስጠራችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይጻፉላት እንጂ! ሴትዮዋ እኮ አለቀች!» አለ የካርድ ክፍሉ ሰው።

«እሷ አፏን ትክፈት፣ እኔ እጽፋለሁ» አለ ውዱ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወድጄ መሰለሽ? ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠርቶ የጠፋው ደባሱ ነው። እሱ ካልተገኘ የጎደለውን በገዛ ወንድምህ ሙላ ብለውኛል።»

የት እንዳለ ታውቃለች። ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም፣ ጥዱ ውስጥ ተደብቋል፤ ትናንትና ማታ እንኳ በሶ ተልኮለታል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ በሩ ይከፈትላታል፣ ልጇም አባቱን በመልክ ሳያውቅ ያድጋል። ተናደደች። ምጡ ካመጣው ህመም ይልቅ ንዴቱ በለጠባት።

«እግር አለህ አይደል? ሂድና ፈልገው» አለችው። «አውርዱኝ!»

ቃሬዛውን መሬት ላይ አሳረፉት። ስሜነሽ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና የቅሬውን ዳኛ ፈለገች። ሽማግሌው የቅሬውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥረው ከወገባቸው አይለዩትም፤ ሲተኙም ታጥቀውት ነው ይባላል።

«አያ ወልደ ኪዳን፣ እኔ ብሞት ቅሬው ምን ያህል ያወጣል?»

«ኧረ ልጄ! ምን ነካሽ? ማርያምን ጥሪ!»

«ማርያምን ስጠራ ነው ያደርኩት። ምን ያህል ያወጣል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመገነዣው፣ ለፍታቱ፣ ለለቀስተኛው እህል... ሠላሳ ብር አያንስም።»

«እሱን አሁን ስጡኝ።»

ተሸካሚዎቹ አጉረመረሙ። አያ ወልደ ኪዳን ቋጠሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይኼ ቅሬ ከቆመ ጀምሮ የሰው ትንፋሽ ሳይወጣ ገንዘብ ወጥቶ አያውቅም። ሟርት ነው!»

«ሟርቱ እዚህ ደጃፍ ላይ መቅረቴ ነው!» ድምፏ ግቢውን ሞላው። «ከተዳርኩ ጀምሮ መዋጮዬን አጉድዬ አላውቅም። ለሬሳዬ የምታወጡትን ለእኔ አውጡልኝ። ብሞት በሰሌን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ። እህል አታዋጡ፣ ለለቅሶም አትቀመጡልኝ። እኔ ይቅር ብያለሁ!»

«እኔ ምስክሯ ነኝ» አለች ባንችይርጋ፣ ነጠላዋን እያጠበቀች።

ሽማግሌው ዞር ብለው ሰዎቹን አዩ። የቅሬ ገንዘብ ባንድ ሰው አፍ አይፈታም፤ የቆመ ሁሉ እሺ ማለት አለበት። አንዱ «ይሰጣት» አለ። ሌላውም «ይሰጣት» አለ። እየዞረ እየዞረ መጨረሻ ላይ ውዱ ዘንድ ደረሰና ቆመ።

«እንደ ሊቀመንበር አይደለም የምጠይቅህ፣ ውዱ» አሉት። «እንደ ቅሬ ነው።»

ውዱ እሺ ካለ ደባሱ ከእጁ ሊወጣ ነው። የካርድ ክፍሉ ሰው እንኳ በመስኮቱ ወጥቶ ሊወድቅ እስኪደርስ ተንጠራርቶ ያዳምጣል።

«እናትህ እንዴት ከረሙ?» አለችው ስሜነሽ፣ የጎረቤት ደኅንነት እንደምትጠይቅ ሁሉ። «ከአልጋ ወረዱ እንዴ?»

አልወረዱም። አገር ያውቃል። ከእንግዲህ ከዚያ አልጋ የሚያወርዳቸው ይኸው ቅሬ መሆኑንም አገር ያውቃል። ውዱ አንገቱን ደፋ።

«ይሰጣት» አለ፣ ከእግሩ ሥር ላለው መሬት የሚነግር ይመስል።

አያ ወልደ ኪዳን ቋጠሯቸውን ፈቱ። መስኮቱ ጋ ሄደው ብሩን አንድ ባንድ አስረከቡ። ይህንን ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸውና፣ የመጨረሻዋን ብር ካስረከቡ በኋላ እጃቸው በልማድ ወደ ጥምጥማቸው ሄደ፤ አፋቸውም ተከተለ።

«ነፍስ ይማር» አሉ።

የካርድ ክፍሉ ሰው ብሩን እንደያዘ ቀረ። ባንችይርጋ አማተበች። ሽማግሌው ያሉት ነገር የገባቸው ዘግይቶ ነበር፤ በድንጋጤ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

ስሜነሽ ሳቀች። ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነበር፤ ምጡም እዚያው ሳቋ መሀል ደረሰባትና ሳቁና ጩኸቱ ባንድ ላይ ወጡ።

«ገና ነኝ!» አለች። «ገና ነኝ፣ አንሱኝ!»

ማንም ማንንም አልጠበቀም። ሁሉም ባንዴ ጎንበስ አሉ፤ ውዱም።