የቱ መድኃኒት?

«ተነሽ አልኩሽ!»

«አልነሳም።»

የተቀመጥኩት የአሲድ በርሜል ላይ ነው። ጠርዙ ይቆረቁራል፤ ዛሬ ግን ከዚህ የተሻለ ወንበር አያምረኝም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ፊቴ ተገትሮ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ከኋላው ወንድሜ የአሲዱን ፓምፕ ጎማ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እኔ የጥገና ኃላፊ ነኝ፣ እሱ ከሠራተኞቼ አንዱ። ቤት ስንገባ ደግሞ እኔ ታላቅ፣ እሱ ታናሽ።

ከጎናችን ወንፊቱ ተከፍቶ ተጋድሟል። ትክክለኛ ስሙ የሙቀት መለዋወጫ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ነው ወንፊቱ የምንለው። እያንዳንዱ ቀዳዳ የረጅም ቀጭን ቱቦ አፍ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ትኩሱ በውጭ በኩል። አሁን ግን ብዙዎቹ ቱቦዎች በጭቃና በነጭ ቅርፊት ጥርቅም ብለው ተደፍነዋል።

«ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙና አሲዱን ልቀቁበት» ይላል ሥራ አስኪያጁ። «እስከ ማታ ያልቃል። በብሩሽ ከሆነ ሳምንቱን እዚሁ መክረማችን ነው። ፋብሪካው ቆሟል፣ ባለቤቶቹ በስልክ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። የምጠየቀው እኔ ነኝ!»

«የሚጠየቁትማ እርስዎ ነዎት። ሲያስል የሚያድረው ግን እኔ ቤት ነው።»

ወንድሜ ቀና ይላል። «እታለም፣ በእኔ አታሳቢ። ደረቴ ድኗል። እኔው ራሴ እለቅቀዋለሁ።»

«አንተ ዝም በል!»

በሰው ፊት እንዲህ ማለቴ ያንገበግበዋል። ያንገብግበው። አምና እዚሁ ቦታ ላይ ተደፍቶ ሳገኘው ምን ብዬ እንደጮህኩ እሱ አልሰማም።

እዚህ ግቢ ውስጥ ሁሉም ነገር መድኃኒት ነው። አሲዱ መድኃኒት ነው። ውሃው አረንጓዴ እንዳያበቅል የምንጨምረው ክሎሪን መድኃኒት ነው። የአይጡም እንደዚያው። ያን ቀን ወንድሜ ክሎሪኑ ከቱቦዎቹ ታጥቦ መውጣቱን ሊያረጋግጥ ቢጠይቅ፣ መጋዘን ያዡ «አዎ፣ መድኃኒቱ ወጥቷል» አለው። ሰውየው አሲዱ ከመጋዘን ወጥቷል ማለቱ ነበር። ወንድሜም አሲዱን ክሎሪኑ ላይ ለቀቀው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይበላል።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ያለሰልሳል። «እህቴ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብሽ ነው እኮ።»

«ልጥ ቢሆንማ በማን ዕድሌ! እባቡ ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

ከወንድሜ አጠገብ የቆመው በያጅ ሳቅ ያመልጠዋል፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ መፍቻ የጠፋበት ይመስላል።

«ታጥቧል እኮ!» ይጮሃል ሥራ አስኪያጁ። «ጠዋት ሙሉ ውሃ ስታሳልፉበት አልነበር? መድኃኒቱ ወጥቷል!»

ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ ወንድሜ ይዞራሉ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው ምን እንዳለ ያልገባው።

«የቱ መድኃኒት?» እለዋለሁ። «ከየት ነው የወጣው?»

በመኪናው ቁልፍ ወደ ወንፊቱ ይጠቁማል።

«ውሃው ያለፈው በክፍቶቹ ነው። ክፍት መንገድ ካገኘ ከተዘጋው ጋር ምን አታገለው? በተደፈኑት ውስጥ የቀረው ክሎሪን እዚያው አለ። አሲዱም ያው ነው፣ በክፍቶቹ እየሄደ ደህናውን ቱቦ ሲበላ ይውላል። የተደፈነውን የሸነቆረው ዕለት ደግሞ…»

አልጨርሰውም። አዎ ፈርቻለሁ፤ ብፈራም አልነሳም። ከፈለጉ ከነበርሜሉ ተሸክመው ያውጡኝ።

የጎማው ጫፍ መሬት ላይ ዱብ ይላል። የለቀቀው ወንድሜ ነው። እኔንም አያይ፣ አለቃውንም አያይ። ማስኩን ያጠልቅና ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ዘንጎች ረጅሙን ያነሳል። የሽቦውን ብሩሽ ቱቦ ይጭራል ብሎ ወዲያ ይገፋዋል፤ የናይለኑን ዘንጉ ጫፍ ላይ ያጠብቃል።

«ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትቀርቢያለሽ» ይለኛል ሥራ አስኪያጁ።

«እቀርባለሁ። አሁን ግን ከወንፊቱ ወዲያኛው ጫፍ ራቅ ይበሉ፤ የሚወጣው ነገር አይታወቅም።»

እልኸኛ ነው፣ ከእኔ አይተናነስም። ራቅ ይበሉ ስላልኩት ብቻ ሄዶ እዚያው ጫፍ ላይ እጁን አጣምሮ ይቆማል።

ወንድሜ ውሃ እያስረጨ ዘንጉን ይገፋል። አይሄድለትም። እያዞረ ይገፋዋል፣ ትንሽ ይስበውና እንደገና ይገፋዋል። ከዚያ በድንገት ይለቅቅለታል። በወዲያኛው በኩል ነጭ ዝቃጭ ተስፈንጥሮ ይወጣና ታምቆ የኖረው ውሃ ሥራ አስኪያጁ ጫማ ላይ ይንዠቀዠቃል። ሽታው እኔ ድረስ ይመጣል። የበረኪና ሽታ ነው፣ የክሎሪኑ።

ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን በክንዱ ይሸፍንና ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። የእኔ ጆሮ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ወንድሜ አያስልም። ማስኩ ውስጥ ትንፋሹ ረጋ ብሎ ሲገባና ሲወጣ ይሰማኛል። ዘንጉን ስቦ ያወጣና በሚቀጥለው ቀዳዳ ይከተዋል።