ለክብራን የተሳለ ጥላ

ሀብተ ሥላሴ ጣና ላይ ጀልባ መንዳት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ደህና ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ሰው ሳይነግረው የሰው ነገር የገባው ይመስለዋል። የተሳፋሪውን ፊት ያይና ታሪኩን ራሱ ጀምሮ ራሱ ይጨርሰዋል።

የዛሬዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ አገኘሁና ጸሎት። ባሕር ዳርን ለሁለት ቀን ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። እንግዳ የጠፋበት ሰሞን ስለሆነ ጀልባው ለሁለቱ ብቻ ሆነ። ሀብተ ሥላሴ ደብረ ማርያም እንሂድ ብሎ ነበር፤ ቅርብ ነው፣ ሴትም ትገባለች። ጸሎት ግን ክብራን ካልሆነ አለች። ለደሴቱ ገዳም ለክብራን ገብርኤል ጥላ ተስላለች። ክብራንን ደግሞ ሴት አትረግጠውም፤ እሷ ጀልባ ላይ ትጠብቃለች፣ ጥላውን ባሏ ያስገባላታል።

ስትሳፈር ባሏ እጁን ቢዘረጋላት ደንገጥ ብላ በራሷ ገባች። ተኳርፈዋል፣ አለ ሀብተ ሥላሴ በሆዱ።

ሰውየው መንገዱን ሁሉ ፊቱን እንደቋጠረ ነው። የውኃ ወፎቹን ቢያሳዩት አላየም፣ ፎቶ አላነሳ። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሴት በምንም ምክንያት ከጀልባው አትወርድም ወይ አለ። አትወርድም ተባለ። ሌላ ጀልባስ ይመጣል ወይ አለ። በዚህ ሰሞን ማን መጥቶ፣ አለው ሀብተ ሥላሴ። ያኔ ትንሽ ፈታ አለ።

ክብራን ሲደርሱ ጫፉ ከሚስቱ ቦርሳ ብቅ ብሎ የነበረውን ጥላ መዘዘና ዳገቱን ወጣ። ጥላው ከወጣም በኋላ ቦርሳው አልጎደለም።

ሀብተ ሥላሴ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል ብሎ ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። ጸሎት መቀመጥ አቃታት። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሻሿን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፤ ዐይኗ ከዳገቱ አይነቀልም። ሀብተ ሥላሴ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው እንዲሁ ላንድ አፍታ ብሎ ገብቶ እዚያው መንኖ ቀርቷል። ወንድሙ እዚህችው ጀልባ ላይ ሆኖ እስኪመሽ ጠብቆት ነበር።

ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። ለካ ሰውየው ሴት ትወርዳለች ወይ ብሎ የጠየቀው ተከትላ እንዳትመጣበት ነው። ሌላ ጀልባ ይመጣል ወይ ያለውም ለዚሁ ነው። ምን ዓይነት አንጀት ነው? ይቺ ልጅ ባሏ ሳይሞት ባል አልባ ልትሆን ነው።

ጸሎት ስልክ አልነበራትምና የእሱን ለመነችው። ጀርባዋን ሰጥታ ስታወራ «እቴቴ፣ ዛሬ ነው» ስትል ብቻ ሰማ። ለቤተሰብ መርዶዋን ስታረዳ ነው፣ አለ ሀብተ ሥላሴ።

ነፋሱ ተነሣ። ከቀትር በኋላ ጣና አይታመንም። ሀብተ ሥላሴ ያሰበውን ተናገረ።

«እህቴ፣ መድፈር አይሁንብኝና፣ ባለቤትሽ ሊመንን ነው አይደል የመጣ?»

ገና አሁን ያየችው ይመስል ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሳይወርድ ውሰደኝ» አለች። «ከዚህ በኋላ ፊቱን ማየት አልችልም።»

ሊሰናበታት ሲወርድ እንዳታይ ነው፣ አለ ሀብተ ሥላሴ፣ ይህንንም ራሱ ጨርሶ። ሌላ አልጠየቀም። ሞተሩን አስነሣ።

ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ላውርድሽ ቢላት እምቢ አለች። ራቅ ካለው ዳርቻ እንዲያወርዳት ለመነችው። እቴቴ ያለቻት ሴት እዚያ ባጃጅ አቁማ ትጠብቃለች። ሀብተ ሥላሴ ከባዱን ቦርሳ ተሸክሞ አደረሰላት። እግዜር ያጽናሽ ሲላት የእሱም ዐይን እንባ አቀረረ። ጸሎት ትከሻውን ስማው ሄደች።

የጀልባውን ገመድ አስሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። የክብራኑ መነኩሴ አባ ኃይለ ገብርኤል ናቸው።

«አንተ ሀብቴ፣ እንግዳህን ጥለህ የት ሄድህ?»

«አባ፣ ሰውየው አልመነነም እንዴ?»

«የምን መመነን? ጸበል ጻዲቅ ቅመስ ብለን ይዘነው ነው እንጂ። እንካ፣ ራሱ ያናግርህ።»

አገኘሁ ስልኩን እንደያዘ መጮህ ጀመረ።

«ሚስቴን የት አደረስሃት? አራት ዓመት ሙሉ ካለኔ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። አሁኑኑ መጥተህ ውሰደኝ፤ ሳገኛት እግሯን ነው የምሰብረው።»

ሀብተ ሥላሴ ባጃጁ የሄደበትን መንገድ አየ።

«ሞተሩ ተበላሽቶብኛል» አለው። «ከነገ በፊት አልደርስም።»