ጥዱ ማነው?

ወይዘሮ ፕሩደንስ ግጥም የተጻፈበትን ወረቀት ለሁሉም አድለው ሲጨርሱ አንድ ተረፋቸውና ለኦሪን ሰጡት። «መጣህ አይደል? እንግዲህ ዝም ብለህ ወንበር አታሞቅም» አሉት።

ኦሪን የግጥም ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን በሙሉ በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ኮረብቶች ላይ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት በትንሿ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የግጥም ውይይት ላይ የተገኘው የሚስቱ የኔቲ መኪና ጋራዥ ስለገባች ነው። ሊያደርሳት መጣ፤ ውጭው ብርድ፣ ውስጡ ምድጃ ሆነበትና ተቀመጠ።

«የዛሬ ተራችንም ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ ግጥም ነው» አሉ ወይዘሮ ፕሩደንስ። የከተማዋን ግማሽ ሰው ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። «ይህን የጻፈው ከመካከላችን አንዱ ነው። ማን እንደሆነ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። እኛ ትርጉሙን እናውጣ።» ከዚያም አነበቡ፦

«ከረግረጉ ዳር የቆምክ ወርቃማ ጥድ፣
ሌላው ለብርዱ ሲለብስ አንተ የምታወልቅ፣
በየማለዳው ባጠገብህ አልፋለሁ፤
አንተ ግን ሳታየኝ ትረግፋለህ።»

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ኦሪን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ኔቲ ካለፈው መጸው ጀምሮ በየማለዳው የረግረጉን መንገድ ይዛ ትሄዳለች። ሲጠይቃት «ለጉልበቴ ሐኪሙ አዞልኝ ነው» ትላለች። በዚያ መንገድ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ ጥዶች ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በመሆን ፈንታ በረዶ ሊጥል ሲል ወርቅ መስሎ ቅጠሉን የሚያራግፍ ጥድ አንድ ብቻ ነው። ኦሪን ያውቀዋል፤ የዋርድን ጉድጓድ ሲቆፍር መኪናውን ያቆመው ከሥሩ ነበር። የዋርድ ወጥ ቤት መስኮት ፊት ለፊት።

ዋርድ ደግሞ ይኸው፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ የፖም ኬክ ይበላል። ንብ አርቢ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ስድሳ ቢያልፈውም ፀጉሩ አልሳሳም። ኦሪን ሳያስበው ቆቡን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

«ሞት ነው» አለች ፖስታ ቤት የምትሠራው ሎይስ። «ቅጠል ረገፈ ከተባለ ሞት ነው።»

«አንቺ ባለፈው ሳምንት ግጥም ላይ ያለውን ጅረትም ሞት ነው ብለሻል» አላት ዋርድ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ሞት ከሆነ "ሳታየኝ" ለምን ተባለ?» አሉ ወይዘሮ ፕሩደንስ። «ዛፍ ዓይን የለውም። ገጣሚ ለዛፍ ዓይን ከሰጠው፣ ያ ዛፍ ሰው ነው ማለት ነው።»

ኦሪን ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አያት። ወረቀቱ ላይ አቀርቅራለች፤ ጆሮዎቿ ግን ፍም መስለዋል። እነዚያ ጆሮዎች እንዲህ ሲቀሉ ያየው ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ጭፈራ ቤት እጇን የያዘ ዕለት ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቶ አያውቅም። ቀርቷል ብሎ ነበር ያሰበው፤ ለካ ለሌላ ሰው ኖሯል።

«ዋርድ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ዛፉን አውቀዋለሁ!» አለ ዋርድ። የኔቲ ጣቶች ወረቀቱን ጨመቁት። «የኔው ጥድ ነው፣ እምልልዎታለሁ። ግን ምን ትርጉም ያስፈልገዋል? ዛፍ ዛፍ ነው። ቅጠሉ የጣራዬን አሸንዳ እየደፈነ መከራዬን አሳየኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልቆርጠው ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኔቲም ሳቀች፣ ከሁሉም ዘግይታ።

ኦሪን ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ይባስ ተቃጠለ። ለእሱ በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቃል አልተጻፈለትም፤ ይሄ ሰው አራት መስመር ሙሉ ተሰጥቶት ስለ አሸንዳ ያወራል።

«እሺ ኦሪን» አሉ ወይዘሮ ፕሩደንስ። «ጥዱ ማነው?»

ኔቲ ቀና አለች። ከቤት ከወጡ ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የዋርድ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ በጣቱም ሊያሳይ ይችል ነበር።

«ጥዱ ማንም ይሁን» አለ ኦሪን፤ ድምፁ ሻክሯል። «እሱ ምንም አያውቅም። ግጥሙ ስለ እሱ አይደለም፤ በየማለዳው ስለምታልፈዋ ነው። አለሽ ወይ የሚላት ሰው አጥታ ነው።»

ወይዘሮ ፕሩደንስ ቅንድባቸውን አነሱ። «"የምታልፈዋ"? ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»

ሎይስ ቀስ ብላ ወደ ኔቲ ዞረች።

«ወንድ ቢሆንማ መጋዝ ይዞ ነበር የሚያልፈው» አለ ኦሪን።

ሳቁ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ዋርድ ነው፤ «እውነቱን ነው! እውነቱን ነው!» እያለ ጠረጴዛውን ሲመታው ጠረጴዛው ተንገዳገደ፣ ሻይ ፈሰሰ። «ይሄ ደግሞ!» አለና የራሱን የግጥም ቅጂ አራት ቦታ አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው አጭር እግር ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ወይዘሮ ፕሩደንስ ሌላ ግጥም ማደል ጀመሩ።

የኦሪን የራሱ ቅጂ ጭኑ ላይ ነበር። ቢሆንም ጎንበስ አለ፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለውን ስቦ አወጣ፣ አቧራውን በሱሪው ጠረገና ደረት ኪሱ ከተተው። ጠረጴዛው እንደገና ሲያዘነብል ኔቲ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ዓይኗን ግን ከባሏ ላይ አላነሳችም።