ከአለቃ የተገዛች በቅሎ

ሽምጥ ስትጋልብ የመጣችው በቅሎ ከማርያም ደጅ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዘውገ ግን አልቆመም። በጆሮዎቿ መካከል ሾልኮ በግንባሩ ተደፋ፤ ለአማቶቹ መታያ የለበሰው ነጭ ኩታም አቧራ ጠጣ። ከደጀ ሰላሙ ሥር የተቀመጡ ባልቴቶች «እንዴት ያለ ስግደት ነው!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።

በቅሎዋን ትናንት የሸጡለት አለቃ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ በቀስታ ጋልባት ብዬህ አልነበር?»

«ምን አስደነበራት፣ አባቴ?» አለ ዘውገ፣ ጥርሶቹ መኖራቸውን በምላሱ እየፈተሸ።

«ኧረ እሷስ አልደነበረችም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ባየሁ ቁጥር ከእሷ ላይ ወርጄ ስሳለም ኖሬያለሁ። ሥርዓቷን ታውቃለች። አንተ አልወርድም ስትላት ጊዜ አወረደችህ።»

ዘውገ አቧራውን አራግፎ ኮርቻውን ጨበጠ። ሊወጣ እግሩን ካነሳ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ወደ አለቃ ዞረ።

«አባቴ፣ ከዚህ እስከ አማቶቼ አገር እስከ ይፋግ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ?»

አለቃ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር። አንድ እጃቸውን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ፣ ዘውገ ልጓሙን ይዞ በእግሩ መንገድ ጀምሮ ነበር።