ይቅር የማይባለው ጥፋት

ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። የጥርኝ አጥማጆች አሠልጣኝ ለመሆን ሦስት ቀን ሠልጥነን፣ የቃል ፈተናው ብቻ ቀርቶን ነበር።

«ለአጥማጅ ይቅር የማይባል ጥፋት የቱ ነው?» አሉኝ ፈታኙ።

«ወጥመድ አጥምዶ ሳያዩት ማደር! የተያዘው እንስሳ በውሃ ጥም ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን ሊያስተምር፣ ወጥመድም መንካት የለበትም።»

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ሰርተፊኬቴን ይዤ ወጣሁና ለባለቤቴ ደውዬ ማለፌን ነገርኳት።

«እሰይ! ውሻችን ግን የሄድክ ዕለት ሊሸኝህ እንደወጣ አልተመለሰም» አለችኝ። «አብሮህ ነው እንዴ?»

የሄድኩ ዕለት መኪና ከመሳፈሬ በፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሥጋ አስገብቼ ያጠመድኩት ሳጥን ትዝ አለኝ።

ፈታኙ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ያቺን መልስህን ነገ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ትደግምላቸዋለህ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።