የእሜቴ ነጥብ

የዱር እንስሳት ማኅበራችን ዋና ቢሮውን ሲቀይር ሚስማር ሳይቀር ጭነናል፤ እሜቴን ግን ረሳናት። ረሳናት አልኩ እንጂ፣ ዓይኗን ማየት ስለማልችል ሆን ብዬ የተውኳት እኔ ሐኪሙ ነኝ። እሜቴ ማደንዘዣ አብዝቼባት የሞተች ነብር ናት። ቆዳዋን ጭድ ሞልተን፣ የመከታተያ ቀበቶዋን አንገቷ ላይ እንዳሰረች አሮጌው ቢሮ ውስጥ አቁመናት ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ቀበቶ ያሰርንላቸው እንስሳት ያሉበትን በነጥብ የሚያሳየውን የኮምፒውተር ካርታ ስከፍት የእሜቴ ነጥብ አሮጌው ቢሮ ላይ ይበራል። የቀበቶዋ ባትሪ ካለቀ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማክሰኞ ነጥቡ ድልድዩን ተሻገረ። ረቡዕ ከአዲሱ ቢሯችን አጠገብ ያለው አደባባይ ጋ ደረሰ።

"እሜቴን እያመጣሃት ነው እንዴ?" አልኩት ሾፌሩን።

"ኧረ ዶክተር! ትናንት ላመጣት ሄጄ አጣኋት። ወለሉ ላይ ጭድ ብቻ ነው ያለው።"

ዛሬ ነጥቡ እኛ ሕንፃ ላይ ቆሟል። ክፍሌ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ወዲያው የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ ጮኹ።

"ዶክተር፣ አሁን የጠረግኩትን ማነው በጭድ የሞላው? ከደረጃው ጀምሮ እኮ ነው!"

"እስከ የት?" አልኩ።

የመጥረጊያቸው ድምፅ የክፍሌ በር ጋ ደርሶ ቆመ።

"እስከ እርስዎ በር። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል።"