አያ ኪዳን ዶክተር የሆኑበት ቀን

ጋዋን ማለት ተማሪ በተመረቀበት ቀን የሚለብሰው፣ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ኪስ የሌለው ልብስ ነው።

ተመራቂው ራሱ ብዙም አይቆይበትም...

ፎቶ ሊነሳ ሲል አውልቆ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ያለብሳል። ቆቡንም ይደፋላቸዋል። ከዚያ አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል።

አያ ኪዳን ይህን ልብስ የለበሱት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ነው።

ያለበሳቸው ግን ልጃቸው አልነበረም።

ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው መንደራቸው የወረዱት ልጃቸው አዝመራው ሲመረቅ ሊያዩ ነበር። አዝመራው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ አገኛቸው። ጋቢያቸውን አየ፣ የላስቲክ ጫማቸውን አየ፣ ከኋላው የቆሙትን ጓደኞቹን አየ። ካሜራ የያዘ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሏቸው ሄደ።

ካሜራው አልመጣም።

አዝመራውም አልመጣም።

አጠገባቸው ሌላ ተመራቂ ቆሟል፤ ቀጭን ነው። ጋዋን አለው፣ የሚያለብሰው ሰው ግን የለውም። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ነሲባ ታመው ከቆላ መውጣት አልቻሉም።

"አባባ፣ ይኼን ነገር አንዴ ይልበሱልኝ" አላቸው።

ልጃቸውን እየጠበቁ መሆኑን ነግረውት ለበሱለት። ፎቶ ተነሱ። ስሙን ሳይጠይቁት ተለያዩ።

ዓመታት አለፉ...

አዝመራው ሥራ ያዘ ተባለ። አገባ ተባለ። ስልኩ መጀመሪያ ቶሎ አይነሳም ነበር፤ በኋላ ጭራሽ አልጠራም አለ። አያ ኪዳን አልተቆጡም፣ አላለቀሱምም። ጎረቤት ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው "ደኅና ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ወደ በሬያቸው ዞር ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ግቢው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ተነሳ። የስመ ጥር ተመራቂዎች ፎቶ በአዳራሹ መግቢያ እንዲሰቀል ተወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ሙሉሃብት ከያሉበት የምርቃት ፎቷቸውን አስላከ። ፎቶዎቹን ሳይከፍት ለማተሚያ ቤቱ አስተላለፈና በስልክ አንድ መመሪያ ሰጠ።

"ብዙ ሰው ያለበት ከሆነ ጋዋን የለበሰውን ብቻ አስቀሩ።"

ማተሚያ ቤቱ የታዘዘውን አደረገ።

የበዓሉን ወሬ አያ ኪዳን የቅዳሜ ገበያ ላይ ከመኪና ድምፅ ማጉያ ሰሙ። የቀድሞ ተማሪዎች ከየአገሩ ይሰበሰባሉ ተባለ። እንግዲህ አዝመራውም ይመጣ ይሆናል። ፊቱን አንዴ አይተው ሊመለሱ ፈለጉ። ሌላ የፈለጉት ነገር አልነበረም።

ውዱ የሚባለው የአዳራሹ ጥበቃ የጥሪ ካርድ ሊጠይቃቸው አፉን ከፈተ። ፊታቸውን አየ... ግድግዳውን አየ... ከወንበሩ ተነሳ።

"ይግቡ ዶክተር።"

"ዶክተር አይደለሁም" አሉ አያ ኪዳን።

"ትልቅ ሰው እንዲህ ነው" አለ ውዱ።

ግድግዳው ላይ ጋዋን የለበሰ ሽማግሌ አለ። አያ ኪዳን መጀመሪያ የሞተው ወንድማቸው መሰላቸው። ከሥሩ የተጻፈውን እንዲያነብላቸው ውዱን ጠየቁት።

"ዶክተር ሳሊሕ በድሩ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም" ብሎ አነበበላቸውና ክንዳቸውን ይዞ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ሽማግሌ እንዴት ተመረቀ ብሎ የጠየቀ የለም። ትምህርት በዕድሜ አይገደብም ተባብለው አለፉት።

መድረክ መሪው ማይክ ሰጣቸው።

"እኔ ገበሬ ነኝ" አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበ። መድረክ መሪው፣ አስተዳደጉን የማይደብቅ ምሁር በዚህ ዘመን ብርቅ ነው ብሎ ንግግር አደረገ።

"ልጄን ፍለጋ ነው የመጣሁት" አሉ።

"ልጅዎም እዚሁ ነው የተማረው? አሁን አዳራሹ ውስጥ አለ?"

አያ ኪዳን ዞር አሉ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ወፍሯል። ግንባሩ ግን ያው የእናቱ የሽታዬ ግንባር ነው።

አዝመራው አባቱን አየ።

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ጀመር።

ለአያ ኪዳን ጣት መቀሰር ይበቃ ነበር።

"የለም" አሉ። "ተሳስቼ ነው።"

ይኼኔ ዘግይቶ የገባ፣ የመንገድ አቧራ ያልተራገፈለት አንድ ሰው ከኋላ መጣ። አጠገባቸው ዝቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

"አባባ፣ አወቁኝ?"

አያ ኪዳን ትክ ብለው አዩት። "ጋዋኑ ሰፍቶብህ የነበረው ልጅ።"

"ያን ቀን ልጅዎ መጣ?"

"አልመጣም።"

ዶክተር ሳሊሕ ወንበር ስቦ ጎናቸው ተቀመጠ።

ሙሉሃብት ነገሩ ሲገባው ላብ አጠመቀው። ፎቶው ዛሬውኑ ይቀየራል ብሎ ማለ። ሳሊሕ ግን አይቀየርም አለ።

"ትክክለኛውን ሰው ነው ያስቀራችሁት።"

ከዚህ የምንማረው... አንድን ሽማግሌ ጋዋን ለማልበስ የሥጋ ልጅ መሆን አያስፈልግም። የሥጋ ልጅ ሆኖ እንደሌለ ለመሆን ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ረድፍ ይበቃል።

እናንተ በአያ ኪዳን ቦታ ብትሆኑ "የለም" ትሉ ነበር? ወይስ በጣታችሁ ታሳዩት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።

ፎቶው እንደተሰቀለ ነው። አያ ኪዳን በማግስቱ ጎረቤት ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው "ደኅና ነው፤ ወፍሯል" አሉ።

የአዳራሹን ቪዲዮ "ትሑቱ ዶክተር" በሚል ርእስ ለቀነው ነበር። አዝመራው ላይክ አድርጓል።